አልጋው ተገኘ፣ ማሽኑም ገባ... ሰውዬውስ?

ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ከፍታችሁ ትንሽ ስትወርዱ ይሄን ዓይነት ፖስት ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። «አይሲዩ አልጋ ያለው ሆስፒታል የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙን፣ ጊዜ የለንም።» ስር ላይ ኮመንቱ ይጎርፋል። አንዱ የግል ሆስፒታል ስም ይጽፋል፣ ሌላው «እዛ ማስያዣው አይቻልም» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «አይዞን፣ እግዚአብሔር ይርዳችሁ» ብሎ ያልፋል።

እንዲህ ዓይነት ፖስት በወጣ ቁጥር ወሬያችን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ አልጋ የለም፣ ማሽን የለም። እውነት ነው፣ የለም። ግን እኛ ዛሬ አንድ ደረጃ አልፈን ልንጠይቅ ነው። እሺ፣ አልጋው ተገኘ እንበል። ቬንቲሌተሩም አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የማሽኑ አላርም ሲጮህ ራስጌው ጋ የሚቆመው ሰው ማነው? ያ ሰው ይሄን ሥራ የት ተማረው? ማንስ አስተማረው?

መልሱ ብዙ ሰው ወደማያስበው ቦታ ይወስደናል። ወደ ማደንዘዣ ሐኪሞች ሥልጠና።

መጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ

አይሲዩ ማለት ፅኑ ህሙማን ክፍል ነው። ሳንባው፣ ልቡ፣ ኩላሊቱ ወይም አንጎሉ ሥራውን ብቻውን መሥራት ያቃተው ሰው የሚገባበት ክፍል። እዛ የሚሰጠው ሕክምና በሽታውን ብቻ አይደለም የሚያክመው። መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ የደከመውን የሰውነት ክፍል ተክቶ ይሠራል። በአጭሩ ጊዜ ይገዛል።

በማደንዘዣ ሥራ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት ባለሙያ አለ። አንደኛው አንስቴቲስት ነው፤ በዲግሪ ወይም በማስተርስ ደረጃ የማደንዘዣ ሙያ የተማረ ባለሙያ። በአገራችን ኦፕሬሽን ከሆናችሁ ወይም እናታችሁ በኦፕሬሽን ከወለደች፣ ያደነዘዛችሁ ሰው አንስቴቲስት የመሆን ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው። የአብዛኛውን የአገሪቱን ቀዶ ጥገና የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው አንስቴዥዮሎጂስት ነው። ሕክምና ተምሮ ሐኪም ከሆነ በኋላ ተጨማሪ ዓመታት በዚሁ ሙያ ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም። በሥልጠና ላይ እያለ ሬዚደንት ይባላል። ሬዚደንት ተማሪም ሠራተኛም ነው፤ እየሠራ ነው የሚማረው። የዛሬው ጉዳያችን እነዚህ ሬዚደንቶች አይሲዩ ውስጥ የሚያሳልፏቸው ወራት ናቸው።

ማደንዘዣ ሐኪም አይሲዩ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ከ70 ዓመት በፊት ኮፐንሃገን ላይ ነው።

እ.ኤ.አ በ1952 ክረምት የዴንማርክ ዋና ከተማ በፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ስለሚያሽመደምድ ሕጻናትና ወጣቶች ትንፋሽ እያጠራቸው ብሌግዳም የሚባለው ሆስፒታል ይገቡ ነበር። ሆስፒታሉ የነበሩት የመተንፈሻ ማሽኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ትንፋሽ ከከለከላቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

የጨነቃቸው ሐኪሞች ብዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ጠሩ። ኢብሰን በየቀኑ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ወደ ወረርሽኙ ክፍል አመጣው። የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባላት፤ እሱም በጎማ ከረጢት አየር በእጁ እየገፋ አስተነፈሳት። ልጅቷ ተረፈች።

ከዚያ በኋላ 1,500 ገደማ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተሰልፈው፣ በፈረቃ ቀንና ሌሊት ከረጢት እየጨመቁ ሕሙማኑን በእጃቸው አስተነፈሱ። ለሳምንታት፣ ለወራት። የሞቱ መጠን በከፍተኛ ደረጃ ወረደ። ኢብሰን በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ላይ እዛው ኮፐንሃገን በሌላ ሆስፒታል የከፈተው ክፍል በዓለም የመጀመሪያው አይሲዩ ተደርጎ ይቆጠራል።

እዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወረርሽኙ መሀል ላይ ለውጡን ያመጣው አዲስ ማሽን አልነበረም። ሰዎቹን ያተረፈው ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ሐኪምና እሱ ያስተማራቸው እጆች ናቸው። አይሲዩ ሲወለድም የተወለደው ከማሽን በፊት ከሥልጠና ነው።

የማደንዘዣ ሐኪም ሥራም ይኸው ነው። ሰውን ማስተኛት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ነገር ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን፣ ደም ግፊቱን፣ ልቡን መያዝና በሰላም መመለስ ነው። ልዩነቱ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ይሄ ለሰዓታት ነው፤ አይሲዩ ውስጥ ግን ለቀናት፣ አንዳንዴ ለሳምንታት። ደግሞ አይሲዩ ያለው ሰው ጾሙን ተዘጋጅቶ የመጣ ሕመምተኛ አይደለም። ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቷል፣ ኩላሊቱ ደክሟል፣ ሳንባው ውኃ ይዟል። ስለዚህ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ጎበዝ መሆን ብቻውን አይሲዩን አያስችልም። ለብቻው መማር አለበት።

ማሽኑ ላይ የምትጻፍ አንዲት ቁጥር

«ማሽኑ አይደል እንዴ የሚሠራው?» የሚል ካለ ይሄን ይስማ።

ቬንቲሌተር በእያንዳንዱ ትንፋሽ ስንት አየር ወደ ሳንባ እንደሚገፋ ሰው ነው የሚነግረው። ድሮ ሐኪሞች ብዙ አየር መስጠት ጥሩ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሳንባቸው ክፉኛ በተጎዳ 861 ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ውጤቱን አወጣ። ለግማሾቹ በተለመደው መንገድ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር፣ ለግማሾቹ ደግሞ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር የተሰጠው። ብዙ አየር ካገኙት 40 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ትንሽ አየር ካገኙት የሞቱት 31 በመቶ ናቸው። የበዛው አየር የቆሰለውን ሳንባ እየለጠጠ ይጎዳው ነበር።

አስቡት፤ ማሽኑ ያው ማሽን ነው፣ መብራቱም ያው፣ ኦክስጅኑም ያው። የተለወጠችው አንዲት ቁጥር ናት። በእሷ ብቻ ከ100 ሰው 9 ያህሉ ተረፈ።

ደግሞ «ኪሎ» ሲባል ሚዛን ላይ የሚወጣው ኪሎ አይደለም። የሚሰላው በቁመት ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮት አያድግም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ወንድ፣ ሚዛን ላይ 100 ኪሎ ቢመዝንም፣ ለስሌቱ የሚያዝለት 66 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ በትንፋሽ የሚያስፈልገው 400 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያነሰ። ይሄን ያልተማረ ሰው በሚዛኑ ኪሎ አስልቶ 600 ቢሰጠው ማሽኑ «ተሳስተሃል» አይለውም። እሺ ብሎ ይገፋል። ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ ያኔም ቤተሰብ «በሽታው ጠናበት» ነው የሚባለው።

ሌላ ምሳሌ። ሳንባው ክፉኛ የተጎዳን ሰው በሆዱ ማስተኛት። እ.ኤ.አ በ2013 በአብዛኛው ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው እነዚህን ሕሙማን በአንድ ጊዜ ቢያንስ 16 ሰዓት በሆዳቸው ማስተኛት በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ከ33 በመቶ ገደማ ወደ 16 በመቶ አወረደው። ግማሽ ማለት ነው! ለዚህ የሚገዛ ነገር የለም። ግን ቱቦው ሳይወጣ፣ የደም ሥር መስመሩ ሳይነቀል ሰውን መገልበጥ አራት አምስት የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ጥናቱን ያካሄዱት ክፍሎችም ይሄን ሥራ ከ5 ዓመት በላይ ሲሠሩት የኖሩ ናቸው። ልምዱ የሕክምናው አካል ነበር ማለት ነው።

ኮቪድ የነገረን፣ እኛ ግን የረሳነው

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ኮቪድ ያለበት ሰው አዲስ አበባ ላይ ሲገኝ አገር ሁሉ በአንድ ቃል ተጠመደ። ቬንቲሌተር። ስንት አለን? ከየት ይምጣ? የቻይናው ባለሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ አገሮች በላከው እርዳታ ውስጥ ቬንቲሌተር ሲገባ ዜናው ተቀባበለ። ኤካ ኮተቤ የኮቪድ ሆስፒታል ሆነ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ይሄ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው፤ አናጣጥለውም።

በዚያው ዓመት ግን በ10 የአፍሪካ አገሮች አንድ ጥናት ተሠራ፤ ኢትዮጵያም ነበረችበት። በ64 ሆስፒታሎች ኮቪድ ይዟቸው ወደ አይሲዩና መሰል ክፍሎች የገቡ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። በ30 ቀን ውስጥ 48 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። የዓለም አማካይ 31.5 በመቶ አካባቢ ነበር።

አንጀት የሚበላው ግን ሌላው ክፍል ነው። ብዙዎቹ ሆስፒታሎች የኩላሊት እጥበት ማሽን ነበራቸው፤ በጣም ከታመሙት ውስጥ እጥበቱን ያገኘው ግን ከ10 ሰው አንድ ያህሉ ነው። በሆድ ማስተኛት ምንም የሚገዛ ዕቃ የለውም ብለናል፤ እሱም የደረሰው ከስድስት ሰው ለአንድ ገደማ ነው። ጥናቱን የመሩት ራሳቸው የማደንዘዣ ሐኪም የሆኑት የኬፕታውኑ ፕሮፌሰር ብሩስ ቢካርድ ናቸው።

ዕቃው ካለና ሕመምተኛው ጋ ካልደረሰ መሀል ላይ የጎደለው ምንድነው? ጥገናና ፍጆታ ዕቃ አንድ ነገር ነው። የሠለጠነ ሰው ግን ትልቁ ነገር ነው። ሪባን ሲቆረጥ ማሽኑ ፎቶ ይነሳል። ማሽኑን የሚያውቅ ሰው እስኪፈራ የሚወስደው ዓመታት ግን ፎቶ የለውም።

ሌላው ዓለም ስንት ወር ያስተምራል?

አሜሪካ ውስጥ የአንስቴዥዮሎጂ ሬዚደንት ሥልጠናውን እስኪጨርስ ቢያንስ 4 ወር ፅኑ ሕክምና ላይ ማሳለፍ ግዴታው ነው። ወራቱም አንዴ ተጠናቀው የሚያልቁ አይደሉም፤ በዓመታቱ ውስጥ ተከፋፍለው ኃላፊነቱ እያደገ ይሄዳል። በአውሮፓ የሙያው ቦርድ ምክር ከዚህ ይበልጣል፤ ከ5 ዓመት ሥልጠና ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመቱ አይሲዩ እንዲሆን ነው። ከዚያ በኋላም «እኔ ሙሉ በሙሉ የአይሲዩ ሐኪም ነው የምሆነው» የሚል ሌላ ተጨማሪ ሥልጠና ይወስዳል።

ወሩ ግን ብቻውን ምንም አይደለም። አንድ ሬዚደንት 4 ወር አይሲዩ ውስጥ ቆሞ ምንም ሳይማር ሊወጣ ይችላል። ሥልጠና የሚሆነው ጠዋት ራውንድ ላይ ሲኒየሩ «ለምን ይሄን መድኃኒት መረጥክ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ሕመምተኛውን ከማሽን ለማላቀቅ መቼ እንደሚሞከር አብሮ ሲያሳይ ነው። ሌሊት ሲጨንቅ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ሲኖር ነው። ለቤተሰብ «ከዚህ በላይ ማድረግ አንችልም» የሚለውን ከባድ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ሲታይ ነው። ይሄ ሁሉ ከሌለ ያ 4 ወር ሥልጠና አይባልም፤ ተረኝነት ነው።

እኛ ጋ ያለው ስሌት

ወደ ቤታችን እንምጣ። የዓለም የአንስቴዥዮሎጂስቶች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100 ሺህ ሰው ቢያንስ 5 የማደንዘዣ ሐኪም ያስፈልጋል ይላል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ይሄ ከ5 ሺህ በላይ ሐኪም ማለት ነው። እኛ ለ100 ሺህ ሰው አንድ እንኳ አይደርሰንም። ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባና ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ውስጥ ናቸው።

ምንም አልተሠራም ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቁር አንበሳ ውስጥ፣ አንስቴዥዮሎጂስቶችን ያሠለጥናል፤ የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም እየተመላለሱ በማስተማር ሲያግዙ ኖረዋል። እዛው እ.ኤ.አ በ2010 የድንገተኛና ፅኑ ሕክምና ስፔሻሊቲ ተጀምሮ ዛሬ ምሩቃኑ አይሲዩ ይመራሉ። አይሲዩ ላይ ያተኮሩ ነርሶችም በማስተርስ ይሠለጥናሉ። ስለዚህ ፅኑ ሕክምና የአንድ ሙያ ርስት አይደለም። ሁሉም ያስፈልጋል።

ችግሩ ያለው እጥረቱ ራሱ ሥልጠናውን የሚበላበት መንገድ ላይ ነው። ተከተሉን።

አንስቴዥዮሎጂስት ጥቂት ስለሆነ የሚያስተምረው ሲኒየርም ጥቂት ነው። ያው ጥቂት ሲኒየር ኦፕሬሽን ክፍል ይፈለጋል፣ ድንገተኛ ይፈለጋል፣ ስብሰባ ይፈለጋል፣ ኑሮ ስለማይገፋ ማታ የግል ሆስፒታል ይሠራል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ አይሲዩ ውስጥ ሬዚደንቱ ከነርሶቹ ጋ ብቻውን የሚቀርበት ሰዓት ይበዛል። ኦፕሬሽን ክፍል ሰው ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠራው «አይሲዩ ያለውን ሬዚደንት አምጡት» ነው። ኦፕሬሽን ወረፋው ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ሪፖርት ይደረጋል። ያልተማረ ወር ግን የትም ሪፖርት ላይ አይወጣም።

ይሄ ሐኪም ተመርቆ ክልል ይመደባል። እዛ ብቸኛው አንስቴዥዮሎጂስት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት «ዶክተር፣ አይሲዩውን አንተ ምራልን» ይባላል። በደንብ ከሠለጠነ ነርሶቹን ያስተምራል፣ አንስቴቲስቶቹን ያስተምራል፣ ኢንተርኖቹን ያስተምራል። የአንዱ ዕውቀት በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሃያ ሠላሳ ሰው ይባዛል። ካልሠለጠነስ? ስህተቱም እንዲሁ ነው የሚባዛው። በኪሎ 12 ያስተማረ ሰው አጠገቡ ያለው ሁሉ በኪሎ 12 ይሠራል።

ገንዘቡን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ይዘው ሥራ ሲያቆሙ፣ የታሰሩም ሲኖሩ፣ ክርክሩ በሙሉ «ሕመምተኛ ትተው እንዴት?» የሚል ሆኖ ነበር። ስለዚያ የየራሳችን አቋም ይኑረን። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። በደንብ የሠለጠነ የአይሲዩ ሐኪም ሪያድም ዱባይም አሜሪካም ይፈለጋል። ሥልጠናውን አጠንክረን ኑሮውን ካላስተካከልን ለሌላ አገር ሆስፒታል ነው የምናሠለጥነው።

የሚነሱ ሁለት ክርክሮች

አንደኛው ክርክር ይሄ ነው። «ኦፕሬሽን የሚጠብቅ ስንት ሰው ተኮልኩሎ ሬዚደንትን ለወራት አይሲዩ ማስቀመጥ ቅንጦት ነው።» ላይ ላዩን ያሳምናል። ግን ትልቅ ኦፕሬሽን የሆነ ሰው በማግስቱ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በቢላው አይደለም፤ ከኦፕሬሽን በኋላ በሚመጣ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ትንፋሽ ማጠር ነው። እነዚህን ቶሎ ማየትና መያዝ የሚለመደው አይሲዩ ውስጥ ነው። ኦፕሬሽኑን ማብዛትና ከኦፕሬሽኑ በኋላ ያለውን መርሳት በር ከፍቶ ጣሪያ አለመሥራት ነው።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ያስጨንቃል፤ እኛንም ቆም ብለን እንድናስብ አድርጎናል። «ለመሆኑ የአብዛኛው ሰው ችግር አይሲዩ ነው ወይ?» የሚል ነው።

እ.ኤ.አ በ2025 ላንሴት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት አለ። በ22 የአፍሪካ አገሮች፣ በ180 ሆስፒታሎች፣ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ታዩ። ከ8ቱ አንዱ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ ፅኑ ሕመምተኛ ነበር። ከእነዚህ ፅኑ ሕሙማን 69 በመቶ ያህሉ የተኙት ግን አይሲዩ አይደለም፤ ተራ ዋርድ ውስጥ ነው። ከ5ቱ አንዱ በ7 ቀን ውስጥ ሞቷል። ትንፋሽ ካጠራቸው ውስጥ ኦክስጅን ያገኙት ከግማሽ በታች ናቸው።

ኦክስጅን! ስለ ቬንቲሌተር አይደለም የምናወራው። የትንፋሽ ቁጥር መቁጠር፣ ኦክስጅን መስጠት፣ ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ደም ግፊቱ የወረደን ሰው በጊዜ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት። ርካሽና ቀላል ነገሮች።

ታዲያ ይሄ የሬዚደንቱን ሥልጠና ዋጋ ያሳጣዋል? እኛ እንደገባን ትርጉሙን ያሰፋዋል። አይሲዩ ትልቁ ጥቅሙ በሩ ውስጥ ያሉትን አምስት ስድስት ሕሙማን ማከም ብቻ አይደለም። ሐኪሙን «ይሄ ሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ ይወድቃል» ብሎ ቀድሞ የሚያይ ዓይን ይሰጠዋል። ያ ዓይን ወደ ዋርድ ወጥቶ መሄድ አለበት። ስለዚህ ጥሩ ሥልጠና ማለት ሬዚደንቱን ማሽን አጠገብ ማሰር ብቻ አይደለም። ዋርድ እየዞረ የሚደክመውን ሰው እንዲፈልግ፣ የዋርድ ነርሶችን እንዲያስተምር፣ አይሲዩ የማያስፈልገውንም ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። አልጋው ጥቂት በሆነበት አገር ይሄ የመጨረሻው ችሎታ ራሱ ነፍስ ያድናል፤ ያለችው አንዲት አልጋ ሊድን ለሚችለው ሰው ትሰጣለችና።

ታዲያ ምን ይጠየቅ?

ከዚህ በኋላ አንድ ሆስፒታል «አዲስ አይሲዩ አስመረቅን» ብሎ ፎቶ ሲለጥፍ ላይክ አድርጋችሁ አትለፉ። ደስ ይበላችሁ፤ ግን ኮመንት ላይ እነዚህን ጠይቁ።

1. ሌሊት ማን ነው የሚያድረው? ሬዚደንት ከሆነ፣ ሲጨንቀው የሚጠራው ሲኒየር ማነው? በስንት ደቂቃ ይደርሳል?

2. የሬዚደንቶቹ የአይሲዩ ወራት ይከበራሉ ወይ? ኦፕሬሽን ክፍል ሰው ሲጎድል ከዚያ ነው የሚወሰዱት?

3. ሬዚደንቱ ሲጨርስ ምን መሥራት እንደቻለ በምን ተረጋገጠ? በቆየበት ወር ነው ወይስ ሲኒየር ቆሞ እያየው በሠራው ሥራ?

4. ከሠለጠነ በኋላ የት ይመደባል? የሚሄድበት ሆስፒታል አይሲዩ፣ ኦክስጅን፣ የሠለጠነ ነርስ፣ ማሽን የሚጠግን ባለሙያ አለው ወይ? አለዚያ ሙያው እጁ ላይ ይዝጋል።

5. አስተማሪውስ? የሚያስተምርበት ሰዓት እንደ ሥራ ይቆጠርለታል? ይከፈለዋል?

ከአምስቱ አራቱ ብዙ ዶላር አይጠይቁም። ፕሮግራም ማክበር፣ ስልክ ማንሳት፣ እያዩ መመዘን፣ ምደባን ማስተካከል ናቸው። አምስተኛው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ግን ቆሞ አቧራ ከሚጠጣ ማሽን አይበልጥም።

ሜዲካል ተማሪ የሆናችሁ ወይም ስፔሻሊቲ ለመምረጥ እያሰባችሁ ያላችሁ ተከታታዮቻችንም አላችሁ። ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ «ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሐኪም» እየተባለ ይታለፋል። ሕመምተኛው ስሙን አያውቀውም፤ ተኝቶ ነበራ። ግን የዛን የኮፐንሃገን ክረምት አስታውሱ። ሁሉም ሲያቅተው የተጠራው እሱ ነው።

የ«አይሲዩ አልጋ ጠቁሙን» ፖስቶች ነገም ይቀጥላሉ፤ አልጋም መጨመር አለበት፣ ማሽንም መግባት አለበት። ከአልጋው ጋር አብሮ መጠየቅ ያለበት ግን ሰው ነው። አልጋ በወራት ይገዛል፤ ሰው በዓመታት ነው የሚሠራው። ዛሬ ካልጀመርነው የዛሬ አምስት ዓመት አልጋው ሞልቶም ያው ፖስት ነው የምናየው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አይሲዩ ውስጥ የምትሠሩ ነርሶች፣ አንስቴቲስቶች፣ ሬዚደንቶች፣ ሌሊቱን እንዴት ነው የምታሳልፉት? የሥራ ቦታችሁንና ስማችሁን ሳትጠቅሱ በውስጥ መስመር ጻፉልን። የሚጠቅመው ሰው ካለ ደግሞ ሼር አድርጉለት።